ባዳ ያልገባበት ቤት

ሽማግሌው ነጭ ሸሚዝ ለብሰው፣ እስከ አንገታቸው ተቆልፎላቸው፣ ሁለት እጃቸው ደረታቸው ላይ ተደርጎ በጀርባቸው ተኝተዋል። ፊታቸው የሞተ ሰው ፊት ነው። ልብሳቸው ግን ለሥራ ሊወጣ የተሰናዳ ሰው ልብስ ነው። መርማሪዋ በሩ ላይ ቆማ ረዘም ላለ ጊዜ የተመለከተችው ፊታቸውን ሳይሆን ሸሚዙን ነበር።

«ነገሩ ያለቀለት ነው፣ ኢንስፔክተር» አለ ሳጅኑ ከመስኮቱ አጠገብ። «እርስዎን ማድከም አልነበረብንም። አለቃችን ‹ወንፊት ትየው› ስላሉ ነው።»

ካለ በኋላ ደነገጠ። ቅጽል ስሟ ከኋላዋ እንጂ ፊት ለፊት አይነገርም። ወንፊት ያሏት ባልደረቦቿ ናቸው፤ የሰው ወሬ ሁሉ በእሷ ውስጥ ያልፍና ገለባው ለብቻው ይቀራል ለማለት ነው። የማይወዷት ደግሞ የገባበትን ሁሉ የሚያፈስስ ቀዳዳ ለማለት ነው ይላሉ። ሁለቱንም ሰምታለች፤ ለሁለቱም መልስ ሰጥታ አታውቅም።

«ያለቀለትን ነገር ከመጀመሪያው ይንገሩኝ» አለችው።

ሳጅኑ ነገራት። ሟቹ ምድር ቤት ያለው ላውንደሪ ባለቤት ናቸው። አጥንት ውስጥ የሚገባ ክፉ ሕመም ይዟቸው ከአልጋ መውረድ ካቆሙ ቆይተዋል። ትናንት ቅዳሜ የልጅ ልጃቸው ተዳረች። ወንዱ ልጃቸው ኢንጂነሩ የሙሽራዋ አባት ነው፤ ሴቷ ልጃቸው መምህርቷ አክስቷ ናት። ቤቱ በሙሉ ከጠዋት ጀምሮ አዳራሽ ነበር። የቀሩት ሽማግሌውና ተቀጥራ የምታስታምማቸው ሴት ብቻ ናቸው። ሠርገኞቹ አመሻሽ ላይ ሲመለሱ አባትየው ሞተው ተገኙ። ዓርብ ዕለት የተከፈተው የሕመም ማስታገሻ ጠርሙስ ባዶውን ቀርቷል። ጠርሙሱ የሚቀመጠው ከአልጋው ማዶ፣ ከፍ ካለው መደርደሪያ ላይ ነው፤ እሳቸው ተነሥተው ሊያወርዱት አይችሉም።

«ወደዚህ ፎቅ የሚወጣው በግቢው በር ብቻ ነው» ሲል ቀጠለ ሳጅኑ። «በሩ ላይ ዘበኛ አለ። መምህርቷ ‹ከቤተሰብ በቀር ማንም ወደ ላይ እንዳይወጣ› ብላ አዝዛዋለች። ጠየቅኩት፤ ባዳ አልገባም ይላል። ቤተሰቡን ጠየቅኩ፤ ከእኛ ማንም ቤት አልነበረም ይላሉ፤ አዳራሽ ሙሉ ሰው ይመሰክርላቸዋል። ባዳ ካልገባ፣ ቤተሰብም ካልነበረ፣ የቀረችው አስታማሚዋ ናት። ይዘናታል።»

«ዘበኛው ያሉት ይኼን ብቻ ነው?»

ሳጅኑ እጁን አወናጨፈ። «አርጅቷል፤ ይቀላቅላል። ‹ትልቁ ልጅ ብቻ ብቅ ብሎ ሄደ› ይላል። ትልቁ ልጅ እኮ ኢንጂነሩ ነው። የሙሽራዋን ክንድ ይዞ በዚያ ሁሉ ሰው ፊት ሲሄድ ነበር።»

«ታች ላውንደሪው ውስጥስ?»

«ሠራተኞቹን ወንበር እንዲያመላልሱ ወደ ሠርጉ ወስደዋቸዋል። አንድ ልጅ ብቻ ነው የቀረው። እሱን አልጠየቅኩትም።»

መርማሪዋ ወደ አልጋው ቀረበች። ጎንበስ ብላ እጅጌውን አየች፣ አንገትጌውን አየች፣ ጣቷን በደረቱ ላይ አሳለፈች። ቁም ሣጥኑን ከፈተች። የሽማግሌው ሸሚዞች አንዱ ባንዱ ላይ ታጥፈው ተደርድረዋል። ከአልጋው ሥር አንድ ከዘራ ወድቋል፤ ከዘራው አጠገብ ያለው የእንጨት ወለል ተቦዳድሷል፤ አንዳንዱ ቡድስ ገና ነጭ ነው።

«እዚህ ቤት ካውያ አለ?»

«ላውንደሪ ያለው ሰው ላይ ቤት ካውያ ምን ያደርግለታል?» አለ ሳጅኑ።

ወደ ታች ወረደች። ላውንደሪው ለብቻው የመንገድ በር አለው። ውስጡ ይሞቃል፤ እርጥብ ጨርቅና ሳሙና ይሸታል። በላስቲክ የተሸፈኑ ኮቶች ከጣሪያው ሥር በተዘረጋ ብረት ላይ ተሰልፈው ተንጠልጥለዋል። ከነሱ ጀርባ ካውያ ይንሾካሾካል።

«ልጁን ፈልጌ ነበር» አለች።

«እኔ ነኝ» አለ ከልብሶቹ መካከል አንድ ድምፅ።

ልብሱን ገለጥ አድርጎ የወጣው ወደ ሃምሳ የተጠጋ ሰው ነው። ፀጉሩ ከግንባሩ ሸሽቶ፣ የቀረውም ሸብቶ። መርማሪዋ ‹አንተ› ልትል ያሰናዳችውን አፏን ወደ ‹እርስዎ› አዞረችው።

«ሁሉም ሰው ነው ‹ልጁ› የሚልዎት?»

«ደንበኞችም ሳይቀሩ። ጋሼ እንደዚያ ሲሉኝ እየሰሙ ነው።»

«ዛሬም ይሠራሉ?»

«ሰዎቹ ለነገ ይፈልጉታል።» ካውያውን መልሶ አነሣ። ከእጁ መዳፍ እስከ ክንዱ የእሳት ጠባሳ አለ፤ የቆየው ጠቁሯል፣ የቅርቡ ገና ቀይ ነው። የሚተኩሰው ሸሚዝ እጅጌ እንደ ቱቦ ሞልቶ ተዘረጋ፤ መስመር የሚባል ነገር የለበትም።

«እጅጌው ላይ መስመር አያወጡም?»

«ጋሼ አይወዱም። መስመር ካዩ ሸሚዙን ውሃ ውስጥ ነክረው እንደገና ይሰጡኛል። ማለቴ... ይሰጡኝ ነበር።»

በጠረጴዛው ጥግ ላይ አንድ ጥቁር ኮት ተቀምጧል፤ ትከሻው ላይ ነጭ ብናኝ አለበት። መርማሪዋ ቀና ብላ አየች። ኮርኒሱ በዚያ ቦታ ተሰነጣጥቋል። የሽማግሌው አልጋ ልክ ከበላዩ መሆን አለበት።

«ይኼ ምንድን ነው?»

«ጋሼ ሰው ሲፈልጉ ወለሉን በከዘራ ይመታሉ። ድሮም እንደዚያ ነው።»

«ትናንትስ መቱ?»

ሰውየው ሸሚዙን ገለበጠው። «እንፋሎቱ ሲጮኽ አይሰማም።»

«ወደ ላይ ወጥተው ነበር?»

«ወደ ላይ እንዲወጣ የተፈቀደው ለቤተሰብ ነው» አለና ሥራውን ቀጠለ። አነጋገሩ ለስላሳ ነበር። ጥያቄው እንዳልተመለሰ ያወቀችው በሩን ዘግታ መንገድ ላይ ከቆመች በኋላ ነው።

አስታማሚዋ በጣቢያው አግዳሚ ወንበር ላይ፣ ቦርሳዋን ጭኗ ላይ አድርጋ፣ አውቶቡስ እንደሚጠብቅ ሰው ተቀምጣለች። ጠና ያለች ሴት ናት። ዓይኖቿ እንቅልፍ እንዳላዩ ያስታውቃሉ።

«ጠዋት ምን አልብሰሻቸው ነበር?» አለቻት መርማሪዋ።

«ፒጃማ። ከዚያ አንሶላቸውን ይዤ ጣሪያው ላይ ወጣሁ። አጥቤ፣ አስጥቼ ስመለስ ነጭ ሸሚዝ ለብሰው ተኝተዋል።»

«አልገረመሽም?»

«እንዴት አይገርመኝም? ግን ከቤተሰቡ አንዱ መጥቶ ለሠርጉ ብሎ አልብሷቸዋል አልኩ። እውነቴን ነው የምልሽ እህቴ፣ ደስ አለኝ። ሰሞኑን ክፍሉን የረገጠ ሰው አልነበረም። እንቅልፍ ወስዷቸዋል ብዬ መጋረጃውን ጋረድኩላቸው። ይኼን ለሳጅኑ ብነግረው ‹ቤተሰቡ ሠርግ ላይ ነው፣ አትዋሺ› አለኝ።»

«ሕመሙ ይጠናባቸው ነበር?»

«ያቃስቱ ነበር። አንድ ነገርም ይለምኑኝ ነበር።» ሴትዮዋ የቦርሳዋን ማሰሪያ ጠመዘዘች። «እሱን ተይኝ። የሰው ገመና ነው፤ እሳቸውም የሉ።»

መርማሪዋ አልገፋቻትም። ተመልሳ ወደ ቤቱ ስትሄድ ግን እርምጃዋ ከባድ ሆኖ ነበር። ልመናው ምን እንደሆነ ከሸሚዙ ላይ አንብባ ጨርሳለች፤ አልብሶ የሚገድል ሰው ጠላት አይደለም።

ኢንጂነሩና መምህርቷ ሳሎን ውስጥ ጎን ለጎን ተቀምጠዋል። የሠርግ አበባው ገና አልተነሣም።

«ልጆቹ ስንት ናችሁ?»

«ሁለት» አሉ እኩል።

«አባታችሁ መተኮስ አስተምረዋችሁ ነበር?»

ኢንጂነሩ ፈገግ ለማለት ሞከረ። «እኛን? ካውያው አጠገብ አያስደርሰንም ነበር። እጃችሁ ይቃጠላል ይለን ነበር። አባዬ እኮ እኛ ስናስነጥስ እንኳ ይደነግጥ ነበር።»

«ታዲያ ሙያውን ለማን አወረሱ?»

«ለልጁ» አለች መምህርቷ። «ታች ያለው።»

«ዘመዳችሁ ነው?»

ወንድምና እህት ተያዩ። «ዘመድ እንኳ አይባልም» አለ ኢንጂነሩ። «እናታችን እህቴን ስትወልድ ነው የሞተችው። አባዬ ሌላ ሴት አገባ። ልጁን ይዛ የመጣችው እሷ ናት። አሁን እሷም የለችም።»

«የእንጀራ ልጃቸው ነዋ።»

«እንደዚያ ብለነው አናውቅም» አለች መምህርቷ ቶሎ ብላ። «አብሮን ነው ያደገው። እንደ ቤተሰብ ነው የምናየው።»

«‹እንደ›?»

«ምን አሉኝ?»

«‹እንደ ቤተሰብ› አሉኝ። እኔንስ ለሰው ሲያስተዋውቁ ‹እንደ ኢንስፔክተር ናት› ይላሉ?»

የመምህርቷ ፊት ቀላ። «ቃል እየሰነጠቁብኝ ነው።»

«ሥራዬ ነው። ሠርጉ ላይ ነበር?»

«የቤተሰብ ጠረጴዛው ሞልቶ ነበር» አለ ኢንጂነሩ። «ደግሞ ሱቁን የሚጠብቅ ሰው ያስፈልግ ነበር።»

«አባታችሁ ከታመሙ ወዲህስ ይጠይቃቸዋል?»

ኢንጂነሩ ወደ እህቱ ዞረ። በመጨረሻ መምህርቷ ተናገረች። «ሰው ሲበዛበት አባዬ ይደክመው ነበር። ስለዚህ ከቤተሰብ በቀር እንዳይወጣ ብዬ አዘዝኩ። እሱን ለይቼ አልከለከልኩትም። እሱ ራሱ ነው የቀረው።»

ከዚያ ወጥታ ከበሩ አጠገብ ዘበኛው ወደተቀመጡባት አግዳሚ ሄደች። ሽማግሌው ጠጋ ብለው ቦታ ለቀቁላት።

«ነይ ልጄ፣ ተቀመጪ። ያ ሳጅን እንደ ጃጀ ሰው ቆጠረኝ።»

«ትልቁ ልጅ ገባ ብለዋል፣ አባባ?»

«ብያለሁ። አሁንም እላለሁ።»

መርማሪዋ አንድ ጥያቄ ብቻ ጠየቀቻቸው። ጥያቄው የሕፃን ጥያቄ መስሏቸው ሳቁና በጣታቸው እየቆጠሩ መለሱላት። እሷ አልሳቀችም። እጃቸውን በሁለት እጇ ይዛ ተሰናበተቻቸውና አስታማሚዋን እንዲያመጣት ሳጅኑ ጋ ደወለች።

ከሰዓት በኋላ ሁሉም ላውንደሪው ውስጥ ተሰበሰቡ። ወንበር አልበቃም። ኢንጂነሩና እህቱ ተቀመጡ፤ ዘበኛው ተቀመጡ፤ አስታማሚዋ ሳጅኑ አጠገብ ተቀመጠች። ልጁ እንደ ልማዱ ከካውያው ኋላ ቆመ።

«ሳጅን ሁለት ጥያቄ ጠይቀው ሁለት እውነተኛ መልስ አግኝተዋል» ብላ ጀመረች መርማሪዋ። «ዘበኛው ‹ባዳ አልገባም› አሉ፤ አልዋሹም። ልጆቹ ‹ከቤተሰብ ማንም ቤት አልነበረም› አሉ፤ እነሱም አልዋሹም። ሳጅን ሰው ሁሉ ወይ ባዳ ነው ወይ ቤተሰብ ብለው ስላሰቡ አስታማሚዋን ያዙ። በሁለቱ ቃላት መካከል ግን አንድ ሰው የሚቆምበት ቦታ ቀርቶ ነበር።»

«አልገባኝም» አለ ሳጅኑ።

«ከሸሚዙ እንጀምር። ሟቹ ጠዋት ፒጃማ ለብሰው ነበር። ነጩ ሸሚዝ ከቁም ሣጥኑ አልወጣም፤ እዚያ ያለው ሁሉ ታጥፎ የተቀመጠ ነው፤ ይኼኛው የመታጠፊያ መስመር የለውም። ላይ ቤት ደግሞ ካውያ የለም። ስለዚህ ትናንት እዚህ ተተኩሶ በመስቀያ ወደ ላይ ወጥቷል። እጅጌው መስመር አልወጣበትም። እንደዚያ አድርገው የሚተኩሱ ሁለት ሰዎች ናቸው። አንዱ አልጋ ላይ ነበሩ።»

ኢንጂነሩ ፊቱን ወደ ካውያው አዞረ። ልጁ አልተንቀሳቀሰም።

«ቀጥሎ ከዘራው። ሟቹ ትናንት ወለሉን መትተዋል፤ ቡድሱ አዲስ ነው፤ ከኮርኒሱ የረገፈው ብናኝ እዚህ ኮት ላይ አርፏል። አስታማሚዋ ጣሪያ ላይ ነበረች። የጠሩት ከታች ያለውን ሰው ነው።»

«በዘበኛው በኩል እንዴት ያልፋል?» አለ ሳጅኑ። «ባዳ አልገባም እያለ?»

«አባባ» አለች መርማሪዋ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፤ «ጠዋት የጠየቅኩዎትን ልድገመው። የዚህ ቤት ቤተሰብ ማን ማን ነው?»

ዘበኛው አሁንም ጥያቄው አስገርሟቸው ጣታቸውን ዘረጉ። «ጌታው፣ ነፍሳቸውን ይማር። ከዚያ ትልቁ ልጅ...»

«እኔ» አለ ኢንጂነሩ።

«አንተማ ሁለተኛው ነህ። ትልቁ ይኼ ነዋ።» በአገጫቸው ወደ ካውያው ጠቆሙ። «ሦስት ዓመት ይበልጥህ የለም? እኔ እዚህ ስቀጠር አንተን አዝሎ ግቢውን ሲዞር ነው ያገኘሁት። ከዚያ አንተ። ከዚያ እሷ።»

ሽማግሌው ዝምታው ጥርጣሬ መስሏቸው ለማስረዳት ቸኮሉ።

«ትናንት በሩ ላይ መጥቶ ቆመና ‹መግባት ይቻላል ወይ› አለኝ። ተናደድኩ። ‹ክልከላው ለባዳ ነው፤ አንተን በአባትህ ቤት ማን ይከለክልሃል› አልኩት። ገባ፤ ቆየት ብሎ ወጣ። ኋላ ሸሚዝ በመስቀያ አንጠልጥሎ ተመለሰ። ለአባቱ ንጹሕ ልብስ ይዞ ወጣ እንጂ ምን...» ቃላቸው መሐል ላይ ቆመ። ጣቶቻቸው እንደተዘረጉ ቀሩ።

ልጁ ካውያውን አቁሞ ማብሪያ ማጥፊያውን ተጫነ። የእንፋሎቱ ድምፅ ቀስ እያለ ሞተ።

«መትተዋል» አለ ለመርማሪዋ። «ዋሽቼዎታለሁ። እንፋሎት ኖሮም አልኖረም የእሳቸው ከዘራ ይሰማኛል።»

«ይንገሩን።»

«ስወጣ ሕመሙ ይዟቸው ነበር። ብዙ ቀን አላየኋቸውም ነበርና ያ ሁሉ ሰውነት የት እንደ ሄደ እንጃ። እጄን ያዙኝ። ‹ልጄ› አሉኝ።» ካውያውን ወደ ጎን ገፋ አደረገ። «ለእናንተ ምንም አይደለም። እኔ ግን አርባ ዓመት ‹ልጁ› ነበርኩ። ልጁን ጥሩት፤ ልጁ ያምጣው፤ ልጁ ይቆይ። የመንገድ ሰው ‹ልጄ› ይለኛል። ሳሙና ስገዛ ባለሱቁ ‹ልጄ› ይለኛል፤ በዕድሜ ሳይበልጠኝ። እሳቸው አንድ ቀን ብለውኝ አያውቁም። የአንድ ፊደል ነገር ነው። አፋቸው ግን እምቢ ይላቸው ነበር።»

«ምን ለመኑዎት?»

«‹ልጄ፣ አሳርፈኝ› አሉኝ። ዓይናቸው መደርደሪያው ላይ ነበር። አልችልም ብዬ ወረድኩ። ምን እንደምሠራ አላወቅኩም፤ ሸሚዛቸው እዚህ ነበርና እሱን መተኮስ ጀመርኩ። እጄ ሥራ ካልያዘ ማሰብ አልችልም። አንገትጌውን ስጨርስ ‹አላደርገውም› እያልኩ ነበር። እጅጌው ላይ ስደርስ እንደማደርገው አወቅኩ።» ፊቱን ጠረገ። «አለበስኳቸው። ቆለፍኩላቸው። እንደገና ‹ልጄ› አሉኝ። ከዚያ ጠርሙሱን አወረድኩ። እስኪያሸልቡ እጃቸውን ይዤ ተቀመጥኩ።»

«ይህች ሴት በእርስዎ ሥራ ስትታሰር ግን ዝም አሉ» አለች መርማሪዋ።

«ነገ ልመጣ ነበር። ቀብሬያቸው እጄን ልሰጥ ነበር። ልጅ አባቱን ይቀብራል ብዬ ነው።» ወደ አስታማሚዋ ዞረ። «በድዬሻለሁ። ይቅር በዪኝ።»

አስታማሚዋ ቀና ብላ አየችው። የእስር ቤቱ ብርድ ገና ከትከሻዋ አልለቀቀም፤ መልኳ የቂም ነው። መርማሪዋ የምትለውን ገምታ ልታቋርጣት አሰበች፤ አልደረሰችም።

«እኔንም ለምነውኛል» አለች ሴትዮዋ። «አልችልም፣ ልጆችዎን ይጠይቁ አልኳቸው። ተቆጡኝ። ‹ልጆቼን እንዲህ ያለ ነገር ውስጥ አላስገባም› አሉኝ።»

ከዚያ መምህርቷ ማልቀስ ጀመረች። ከትናንት ማታ ጀምሮ ስታለቅስ ነበር፤ ይኼኛው ለቅሶ ግን ሸክም እንደወረደለት ሰው ለቅሶ ነው። የወንድሟን ክንድ ያዘች።

«ሰማህ? እኛን ያልጠየቀን ስለሚወደን ነው። አባዬ እስከ መጨረሻው አሰበልን።»

የተናገረችው ለኢንጂነሩ ነው። ሦስተኛው ሰው እዚያው መቆሙን ያስታወሰችው ቃሉ ካመለጣት በኋላ ነበር። እጇን አፏ ላይ አደረገች።

«አውቃለሁ» አለ ልጁ። ድምፁ ውስጥ ቁጣ አልነበረም። «ያኔም አውቄዋለሁ። ለእናንተ የማይሰጡትን ሥራ ሁሉ ነበር ለእኔ የሚሰጡኝ። ይኼም እንደዚያው ነው። ግን ብለውኛል። ሁለቴ።»

ሳጅኑ የእጅ ሰንሰለቱን አወጣ። ልጁ እጁን ሳይጠየቅ ዘረጋ፤ ጠባሳው ላይ ብረቱ ሲያርፍ ሳጅኑ ራሱ ፊቱን አዞረ። አስታማሚዋ ቦርሳዋን አንሥታ ማንንም ሳትሰናበት በመንገዱ በር ወጣች።

«ነገ ቀብሩ ላይ ልገኝ እችላለሁ?» ሲል ጠየቀ ልጁ።

«ከነሰንሰለትዎም ቢሆን ላመጣዎት እችላለሁ» አለች መርማሪዋ። «ፈቃዱ ግን የባለሐዘኖቹ ነው።»

ኢንጂነሩ የኮቱን ቁልፍ ቆለፈ። እህቱን አየ፤ እህቱ መሬት መሬት አየች።

«የቤተሰብ ቀብር ነው» አለ።

የፖሊስ መኪናው ግቢ ውስጥ ነበር የቆመው። መርማሪዋ ከሹፌሩ ጎን ገባች፤ ልጁና ሳጅኑ ከኋላ ተቀመጡ። በሩ ጋ ሲደርሱ ዘበኛው ኮፍያቸውን አውልቀው መሐል መንገድ ላይ ቆመዋል። ሹፌሩ ጥሩምባ ሊነፋ ሲል መርማሪዋ እጁን ያዘችው። ሽማግሌው ወደ መስኮቷ መጡ።

«ልጄ» አሉ፤ «ቤተሰብ ነው ያልኩት ላከብረው ብዬ ነው። ባዳ ነው ብል ኖሮ ይተርፍ ነበር?»

ልታጽናናቸው ፈለገች። ለዚህ የሚሆን ውሸት ግን አልመጣላትም።

«ባዳ ቢሉት ኖሮ መጀመሪያም አያስገቡትም ነበር፣ አባባ።»

ሽማግሌው ይኼን ጥቂት አሰቡት። ከዚያ በኋለኛው መስኮት ጎንበስ ብለው የሚሉትን ፈለጉ።

«በሩን ይክፈቱልን» አላቸው ልጁ ቀስ ብሎ። «መሽቶባቸዋል፤ ሰዎቹ ቤታቸው ይግቡ።»

ዘበኛው ከፈቱ። መኪናው መንገዱን ተሻግሮ ከታጠፈ በኋላ ኢንጂነሩ ከፎቁ መስኮት ላይ ሆኖ በሩ እንዲዘጋ ተጣራ። ሽማግሌው ሰምተዋል። ኮፍያቸውን በእጃቸው እንደያዙ መንገዱን እያዩ ቆሙ።